ሦስተኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የያዝኩት የሆዴን ልጽፍበት ነው። ለሰው የምጽፈውን ብሎጌ ላይ እጽፋለሁ፤ እዚያ ግን ስድብና ሐሜት አይወጣም፣ ልጄም ታነበዋለች። እዚህ ያሻኝን እላለሁ።

ብሎጌ «ምን አለ ሰፈር» ይባላል። ጡረታ ስወጣ ልጄ «እማዬ፣ ቤት ተቀምጠሽ ከግድግዳ ጋር ከምትጣዪ» ብላ የከፈተችልኝ ነው። በሰፈራችን አዳራሽ ምን ዝግጅት እንዳለ እጽፋለሁ። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳው «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ብዬ አልዘጋም። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ተጀመረ የሚባልበት ሰዓትና በእውነት የሚጀመርበት ሰዓት ምን ያህል እንደሚራራቅ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ የት እንደሆነ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ሲያልቅ አውቶቡስ ይገኝ እንደሆነ እናገራለሁ። ሰው ከቤቱ ሊወጣ ሲል ማወቅ የሚፈልገው ይሄን ነው። ከላይ መፈክሬ አለ፦ «ያየሁትንና የሰማሁትን»።

ትላንት የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሥልጠናው ጠቃሚ ነው። አሠልጣኟ የምትለው ግን ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ አይሰማም። ድምፅ ማጉያው ይጠገን።» ይሄን ስጽፍ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ የመጨረሻዬም አይሆንም። የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ፣ አንገቱ ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ስለሚዞር «ሽቦ» የምንለው ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ሲያየኝ ሰላምታውን ዋጠው። ይዋጠው! እኔ የስልክ ማዕከል ኦፕሬተር ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬ ሠርቼ ያደርኩ ሰው ነኝ። ስለ ድምፅ እኔን የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም።

ረቡዕ 5

ቸኩያለሁ። ከሰዓት የመጻሕፍት መለዋወጫ አለ። ቦርሳ ከቤት ይዞ መምጣት ነው፣ እዚያ አይሰጥም። መጻፍ አለብኝ።

የላይኛዋ ጎረቤታችን ማታ ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ስትደበድብ ነበር። አምፖሉ ሲወዛወዝ አይቼ ነው ያወቅኩት። ልጄ «ቴሌቪዥኑን ቀንሺው ማለቷ ነው» አለች። እንደ ወትሮዬ ነው የከፈትኩት። ቤቱ ነው እንጂ! ግድግዳ ብለው የሠሩልን ካርቶን ነው።

እሑድ 9

የተማሪዎች ቲያትር። እንዴት ያምሩ ነበር መሰላችሁ! ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ የጨርቅ ጺሙ ወልቆበት በእጁ ይዞት ነው የጨረሰው።

ምን ተባባሉ ብባል ግን እንጃ። ሰው ሁሉ ይስቃል። አጠገቤ ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ አዳራሹ ውስጥ ማታ ማታ ስፌት የምታስተምር። ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ምን አሉ?» አልኳት። ነገረችኝ። ደግማ ነገረችኝ። በሦስተኛው «ተይው ባክሽ» ብላ እጇን አወናጨፈች። ሰው የሚስቀው የወላጆቹ ይሉኝታ ይዞት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽ ዘግየት ብዬ።

ቤት ገብቼ ጻፍኩ፦ «ድምፅ ማጉያው ሞቷል። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ኮሚቴው ይንገረን።» ይቺ ዐረፍተ ነገር ራሴን አስደሰተችኝ፤ ሁለቴ አነበብኳት።

ማክሰኞ 11

ብዙ ኮመንት። የጋራዡ ባለቤት «እውነት ነው እትዬ፣ አንዳች አይሰማም» ብሏል። ጡረተኛው መምህር «ከአምና ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው» ብለዋል። እነዚህን የመሰሉ አስተዋይ አንባቢዎች ስላሉኝ እኮራለሁ። አንዲት ያልተጠየቀች ደግሞ «እኔ ሕፃን አዝዬ በመጨረሻ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ» ትላለች። «የሽቦ ዘመድ ነሽ?» ብዬ መለስኩላት።

ልጄ ከሥራ ደውላ «አጥፊው» አለችኝ መሰለኝ፤ ስልኳም እንደ ሰው ሁሉ ያጉተመትማል። አላጠፋሁትም። እኔ ዘንድ የተጻፈ አይጠፋም። የዛሬ ዘመን ሰው ደግሞ አፉን ሳይከፍት ማውራት ከየት እንዳመጣው!

ዓርብ 14

ከአዳራሹ አሁን መመለሴ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ኮሚቴው አዳራሹን ለቤት ዕቃ ነጋዴ መጋዘን ሊሰጠው ነው። ወሩ ሲያልቅ እሑድ ነዋሪው ተሰብስቦ እጅ እንዲያወጣ ተጠርቷል። ምክንያት ተብሎ የተጻፈው፦ «አዳራሹ ለስብሰባ ብቁ አለመሆኑን ነዋሪዎች ራሳቸው ደጋግመው ስላረጋገጡ»። ከሥሩ ምን ተለጥፏል? የእኔ ብሎግ! ታትሞ፣ በቀይ ተሠምሮበት። «ቀብሩ መቼ እንደሆነ ኮሚቴው ይንገረን።»

ሰው በሩ ላይ ቆሞ የሚያነበው እኔን ነው። ያነብና ዞር ብሎ ያየኛል።

የስፌቱ ትምህርት፣ የደም ልገሳው፣ የልጆቹ ቲያትር፣ ሁሉም ቁም ሣጥንና አልጋ ሊተኛበት ነው። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ እሑድ የምሄድበት ያ ብቻ ነው። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ፤ ነገሩ ስለ እኔ አይደለም።

ቅዳሜ 15

የአዳራሹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ጽሑፎቼን ከምሮ እንደ መጽሐፍ አስጠርዟቸዋል። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ።

«እርስዎ ነዎት እኮ ዓይናችንን የገለጡልን» አለኝ።

«እኔ ይጠገን አልኩ እንጂ ይዘጋ አላልኩም።»

መልሱን ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው የተናገረው። «ምን አሉ?» አልኩት። ደገመው። እንደገና «ምን?» ስለው ወረቀት አንሥቶ ጣቱን መሥመሩ ላይ አደረገልኝ። «ሞቷል» የምትለው ቃል ላይ። የሞተን ነገር ማን ይጠግናል ማለቱ ነው።

«ጽሑፍዎን ካላመኑበት ይሠርዙት» አለ ደግሞ፣ አሁን ፊት ለፊቴ። «ግን ሠርዛ ካደች እንዳይባሉ።»

ብልጥ ነው። ብሠርዝ ዋሾ፣ ባልሠርዝ ቀባሪ። «የሰማሁትን ነው የጻፍኩት!» ብዬ ወጣሁ። በሩን ወርውሬ ዘጋሁት፤ ጸሐፊዋ ደንግጣ ብድግ ስትል በመስታወቱ አየኋት። እንዲህ ያለ ኃይል እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

እሑድ 16

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። ሰላም አላለችኝም።

«አንቺ ነሽ ያፈረስሽን» አለች። ይቺን ሰማኋት፤ ጮኻ ነው የተናገረችው። «ያንን ሁሉ ሴት የት ወስጄ ላስተምር? ሳሎኔ ውስጥ? አንዲት የስፌት መኪና እንኳ በሩ አያስገባም።»

«ያልሰማሁትን ሰማሁ ልበል?»

«አንቺ ብቻ ነሽ እኮ የማትሰሚው!»

ንዴቷ ነው ያናገራት። ሰው ሲናደድ ያገኘውን ነው የሚወረውረው። እኔም ወረወርኩ፦ «ስፌትሽም እኮ ጠማማ ነው» አልኳት። ስፌቷ ጠማማ አይደለም። የለበስኩትን ቀሚስ ራሷ ነች የሰፋችው።

ማክሰኞ 18

ልጄ፦ «ሠርዢውና ይቅር።»

እኔ፦ «አሻፈረኝ።»

ልጄ፦ «ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

እኔ፦ «ምን ይላል?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብላ ወጥ ቤት ገባች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ አወራች። ከንፈሯን ካላየሁ በምን ልወቀው?

ይሄን የጻፍኩትን አሁን ደግሜ ሳየው አልወደድኩትም። ይቅር፣ ተጽፏል።

ሐሙስ 20

ሽቦ ቤቴ መጣ። ደውሉን ደጋግሞ ደውሎ ሲያቅተው በመስኮት አንኳኳ። ደውላችን ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ለልጄ መንገር አለብኝ።

ይቆጣኛል ብዬ ሽንጤን ገትሬ ጠበቅኩት። ልጁ አልተቆጣም። «እትዬ፣ ኮሚቴው እስከ ስብሰባው ሥራ አቁም ብሎኛል። ድምፅ ማጉያዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ መረመርኳቸው። ይምጡና ራሳቸው ይንገሩዎት» አለኝ። ቃል በቃል እንዲያ ነው ያለኝ፤ ቀረብ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ስለሚያወራ ከእሱ ጋር ማውራት ደስ ይላል። ከዚህ በፊት እንዴት አላስተዋልኩም?

ባዶ አዳራሽ። ወንበሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ሽቦ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይኩን ያዘ። አፉ ይንቀሳቀሳል። የሆነ ነገር እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይደርሰኛል። «ይኸው! አልተሰማም!» አልኩ በድል። የአዳራሹ ዘበኛ ከውጭ፣ ከበሩ ማዶ፣ «ኧረ እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» እያለ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ሽቦ በጣቱ ጠራኝ። እጄን ይዞ የግራው ድምፅ ማጉያ ላይ አስቀመጠውና ተመልሶ ተናገረ። ሳጥኑ መዳፌ ሥር እንደ ተያዘች ዶሮ ደረት ይመታ ነበር። ተናገረ፣ መታ። ዝም አለ፣ ዝም አለ። ዋሽቶ አይደለም። ሳጥን አይዋሽም።

«ጉንፋን ይዞኛል» አልኩት።

«ያምርዎታል ጉንፋኑ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ዓርብ 21

የጆሮ ኩክ ነው። ኩክ ሲጠራቀም እንዲህ ያደርጋል፣ አንብቤያለሁ። ይጸዳል፣ ያልቃል። ጤና ጣቢያ ማክሰኞ ቀጠሮ። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ጥርስ ነው አልኳት።

ማክሰኞ 25

ኩክ አይደለም።

ነርሷ በመብራት አየችና «ንጹሕ ነው እናቴ» አለችኝ። ንጹሕ መባል እንዲህ ያስከፋል ብሎ ማን ያስባል? ከዚያ ጠባብ ክፍል አስገባችኝ፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ፣ መስኮት ያላት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፋችልኝ። እንዲያ ያለውን ማዳመጫ ለብሼ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ጀርባዬ ራሱ ቀጥ አለ። የማንን መሥመር ከማን ጋር እንደማገናኝ የሚነግረኝ የመጣ መሰለኝ። በእጄ ቁልፍ ሰጠችኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንድጫን አሳየችኝ።

ጠበቅኩ። አንድ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። እንደገና ጠበቅኩ። በመስታወቱ ውስጥ አጎንብሳ ትጽፋለች። ማሽኑ እስኪሞቅ ነው ብዬ ታገሥኩ። በመጨረሻ ሰለቸኝና መስታወቱን አንኳኳሁ። «የኔ ልጅ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»

በሩን ከፍታ ገባች። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ በሁለት እጇ አነሣችው።

«ጨርሰናል እናቴ» አለችኝ።

ረቡዕ 26

አልጽፍም።

ሐሙስ 27

እጽፋለሁ።

ትላንት ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር። ልጄ የሐኪሙን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አግኝታ አለቀሰች፤ «እኔ እኮ ነግሬሽ ነበር» አላለችም፣ ይሄ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። «ለማንም አንናገርም፣ መሣሪያ ይታዘዝልሻል፣ ፀጉርሽ ይሸፍነዋል» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ።

እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጆሮም ሲሄድ አይታወቅም፤ ደህና ሁኚ ብሎ አይወጣም። ሄዶ ሳለ እኔ ስለ ሌላው ዓለም አፍ መዝጋት እጽፋለሁ! ሽቦን ከሥራ አስወጣሁት። ጓደኛዬን ሰደብኳት። አዳራሹን በገዛ እጄ ጠርዤ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። አፈርኩ። እዚህ ደብተር ላይ ስለማይሰማ ልበለው፦ በጣም አፈርኩ።

ግን ማፈር ሌላ፣ መደበቅ ሌላ። ብደበቅ የሚጠቀመው ማን ነው? ያ ሰውዬ! የእኔን ዝምታ ይዞ አዳራሹን ሊቆልፍ? በሕልሙ!

ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጻፍኩ። ርእሱ፦ «አዳራሹ ደህና ነው፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።» ሐኪም ቤቱን፣ ጠባቧን ክፍል፣ ሳጥኑ እጄን እንዴት እንደመታው፣ ሁሉንም። ሽቦን ይቅርታ ጠየቅኩ። ሕፃን ያዘለችውንም። የድሮዎቹን ጽሑፎች አንዱንም አልሠረዝኩም፤ የእያንዳንዱ አናት ላይ «ስለ ድምፁ የተጻፈው ስሕተት ነው፤ ስለ ጣሪያው የተጻፈው ግን እውነት ነው» ብዬ ጨመርኩ።

ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ልጄ አነበበችው። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። እርግጠኛ አልነበርኩም። ተጫንኩት።

ዓርብ 28

ሊቀመንበሩ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ጉድ እኮ ነው፣ አውቶቡስ ጥበቃ እንኳ ወጥቶ የማያውቅ ሰው! ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት፣ ያመለጠኝን ደግማ ትነግረኛለች።

«እንዲህ ብለው ካመኑ፣ እስከ ዛሬ የጻፉት ሁሉ ዋጋ አጣ ማለት ነው» አለ።

«የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ዘበኛው ዘንድ መሆኑን በዓይኔ ነው ያየሁት። እሱንም በጆሮ ነው የሚያዩት እርስዎ?»

ልጄ ሳቋን አፈነች። እሱ ኮቱን ቆለፈ።

ከሰዓት ወደ ሽቦ ሄድኩ። እናቱ ቤት ግቢ ውስጥ ራዲዮ ፈትቶ ተቀምጧል። ይቅርታዬን በአካል ልድገምለት ብዬ ጀመርኩ። «አንብቤዋለሁ እትዬ፣ ይበቃል» አለኝ። ከዚያ ልቤ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «አዳራሹ ውስጥ እኔን ለመሰለ ሰው የሚሻለው ወንበር የትኛው ነው?»

ዘበኛውን ለምነን ገባን። ሽቦ መድረክ ላይ ያወራል፣ እኔ ወንበር እየቀያየርኩ እቀመጣለሁ። የፊቱ ረድፍ አይረባም፤ አፉን ለማየት አንገት ይሰብራል፣ ማይኩም ከንፈሩን ይጋርዳል። የቀኙ በመስኮቱ ብርሃን ፊቱን ያጠቁረዋል። ሦስተኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ! እዚያ ፊቱ ይታያል፣ ድምፁ ቀጥታ ይመጣል፣ ክንዴን ሳጥኑ ላይ ካደረግኩ መች እንደጀመረ መች እንደጨረሰ አጥንቴ ያውቀዋል። ሁሉን አልሰማሁም። ግን ዐረፍተ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደወደቀ ገባኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ለብሎጉ ጻፍኩት።

እሑድ 30

አሁን ማታ ነው፣ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። በሥርዓት ልናገር።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ሦስተኛ ረድፍ በግራ በኩል ተቀመጥኩ። ልጄ በአንድ ጎኔ። በሌላው ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ መጣችና ተቀመጠችበት። እጇ ላይ የልብስ ጠመኔ፣ ጭኗ ላይ ጥቁር ጨርቅ። ሊቀመንበሩ ሲጀምር ጨርቁ ላይ መጻፍ ጀመረች። የሚለውን ሁሉ፣ አሳጥራ፣ በነጭ ጠመኔ! ሲሞላ በመዳፏ ታራግፍና እንደገና። እኔም «ስፌትሽ ቀጥ ያለ ነው» አልኳት ጆሮዋ ላይ። «ዝም በይ፣ እየሰማሁልሽ ነው» ብላ ጻፈች።

ሊቀመንበሩ ያስጠረዛቸውን ጽሑፎቼን አንሥቶ አነበበ። ቀብሩን አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ አመለከተ። ጨርቁ ላይ የወጣው ይሄ ነበር፦ «አሁን ይሰማል ትላለች። የማይሰማ ሰው ይሰማል ብሎ መመስከር ይችላል?»

ሰው ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ ዓይን። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፣ ተቀመጪ እንደማለት። ተነሣሁ።

«ልክ ነው» አልኩ። ጮኼ ይሁን ቀስ ብዬ አላውቅም፤ የራሴንም ድምፅ ልኩን አላውቀውም አሁን። «እኔ አልመሰክርም። የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ጆሮዬ ሲከዳኝ ሳላውቅ ሰው ስወቅስ ከረምኩ። ለእኔ አትፍረዱ። እጃችሁ ይመስክር። ሽቦ፣ ና መድረክ ላይ ውጣ። በሹክሹክታ አንዲት ነገር ተናገር። የሰማ እጁን ያውጣ።»

ሊቀመንበሩ እጁን አወናጨፈ። ሽቦ ግን ወጥቷል። ማይኩን አፉ አጠገብ አድርጎ ከንፈሩን በጥቂቱ አንቀሳቀሰ። ክንዴ ሥር ያለው ሳጥን በቀስታ ተነፈሰ።

እጅ ወጣ! ከፊት፣ ከመሐል፣ ከበሩ፣ ከደረጃው ላይ። ከእጁ በፊትም ሳቅ ወጣ፤ ሰው ተንፈቅፍቆ እየሳቀ ነው እጁን ያወጣው። ሕፃን ያዘለችው ሴትዮ ከመጨረሻው ረድፍ የልጇን እጅ ጨምራ አወጣች። ዓይኔ ውኃ ሞላ።

እንደዚያ እያየሁ ነው እነዚያን ያስተዋልኳቸው። የጋራዡ ባለቤት ግራ ቀኝ አየ፤ ሰው እጅ ማውጣቱን አይቶ የራሱን አወጣ። ፈገግ ሲል ሰው ስቆ ጨርሷል። ጡረተኛው መምህርም እንዲሁ። ሌሎችም፣ እዚህም እዚያም፣ ትንሽ ዘግየት እያሉ። ያቺን መዘግየት አውቃታለሁ! ቲያትሩ ላይ የሳቅኩት እንደዚያ ነበር። ጽሑፌ ሥር «እውነት ነው፣ አይሰማም» እያሉ የደገፉኝ በሙሉ እነሱ ነበሩ። አልተናገርኩባቸውም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚናገረው በራሱ አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ጎርፍ ነበር። «እጃችን እንደወጣ፣ መጋዘኑን በመቃወም ይቆጠር!» አለ አንዱ፤ ሌላው ተቀበለው። ተቆጠረ። መጋዘኑን የደገፉት ሊቀመንበሩና አጠገቡ የተቀመጡት ብቻ ናቸው። ሊቀመንበሩ «ጉዳዩ ይጠናል» ብሎ ወረቀቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ያጥናው።

ውጭ ስንወጣ ልብስ ሰፊዋን «ሽቦ ምን ብሎ ነው ሰው እንደዚያ የሳቀው?» አልኳት። ጨርቁን ዘርግታ ጻፈችልኝ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

መንገድ ላይ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሁሉም ሰው ከጨረሰ በኋላ። ግድ አልሰጠኝም።

ረቡዕ 3

ሽቦ ሥራው ላይ ተመልሷል። ልብስ ሰፊዋ የበሩን ማስታወቂያ ገንጥላ ጀርባው ላይ የሸሚዝ ልክ ቆርጣበታለች፤ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ያሳዝናል ትላለች። የእኔ መሣሪያ ተራ ይጠብቃል። ልጄ ፀጉሬን ልታስረዝመው ትፈልጋለች። አሳጥሬ ልቆረጥ ነው፤ ይታይ!

ከመፈክሬ ላይ «የሰማሁትን» የሚለውን ላውጣው ብዬ አስቤ ነበር። አላወጣሁትም። እንደ አቅሜ እሰማለሁ፣ ያልሰማሁትን እጠይቃለሁ።

እሑድ 14

የስፌት ተማሪዎች የምረቃ ዝግጅት። የብሎጉ ጽሑፍ ዓርብ ወጥቷል፦ በኋላ በር ይገባል፣ ጥግ ላይ ያፈሳል፣ «ጆሮው የደከመ ሰው ሦስተኛ ረድፍ በግራ በኩል ይቀመጥ፤ የሚያፍር ካለ እኔ እዚያ ነኝ፣ የሚያየው እኔን እንጂ እሱን አይደለም» ብያለሁ። ኮመንት አልነበረውም። አንድም። ተከፋሁ፤ ጉዳዩ ለእኔ ብቻ ነው ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

ልብሴን ስቀያይር ዘገየሁ። ስደርስ ዝግጅቱ ተጀምሯል። አቀርቅሬ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄድኩ።

ሞልቷል። ከዳር እስከ ዳር! ጡረተኛው መምህር ክንዳቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። የላይኛዋ ጎረቤታችን፣ ያቺ በመጥረጊያ የምትደበድበኝ፣ አሮጊት እናቷን ይዛ መጥታለች። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሴትዮም አሉ። አንዱም ሌላውን አያይም፤ ሁሉም ፊት ለፊት፣ በኩራት። የእኔ ወንበር ላይ ደግሞ የጋራዡ ባለቤት እግሩን አነባብሮ ተንሰራፍቷል።

ትከሻውን ነካ አደረግኩት። «የእኔ ቦታ ነው፣ ተነሣ።»

ቀና ብሎ አየኝ። እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ፣ አፉን አስፍቶ፣ ለእኔ እንዲገባኝ ቀስ ብሎ፣ «አልሰማሁሽም እትዬ» አለኝ።

ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አየሁት ዝግጅቱን። አንድም ቃል አልሰማሁም፣ ፊቴ ግን ከፈገግታ አልተመለሰም። ቤት ገብቼ ለብሎጉ አንድ መሥመር ጨመርኩ፦ «ሦስተኛው ረድፍ ቶሎ ስለሚሞላ ቀድማችሁ ድረሱ።»